ነፋሱ ከየት ነበር

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

ይህን ደብተር የገዛሁት በጋሽ ጌራሲሜ ምክንያት ነው። ትናንት ደውለው፣ «ማቅቫላ፣ መዝገቡ ላይ ‹የአማቴ ላም በረዶ ውስጥ ገብታ በአምስት ሰው ተጎተተች› ብለሽ የጻፍሽው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አምዱ ‹ልዩ አስተያየት› ይላላ! ላሟ ልዩ አልነበረችም? በረዶው ሆዷ ድረስ ነበር።»

«በሳንቲሜትር ንገሪኝ» ብለው ዘጉት።

እንግዲህ ቁጥሩ ለሳቸው፣ ሌላው ሁሉ ለዚህ ደብተር።

ሥራዬ ቀላል ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ከቤታችን ጀርባ የተተከለውን ባለ ቁጥር እንጨት አያለሁ። ምን ያህል በረዶ እንደጣለ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ እጽፍና ከተማ ላሉት ለጋሽ ጌራሲሜ እደውላለሁ። እሳቸው የየመንደሩን ቁጥር ሰብስበው መንገዱ ይዘጋ ይከፈት፣ የበረዶ ናዳ የሚያሰጋው የትኛው ተራራ ነው የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያወጣሉ። ባሌ ሙሽኒ ደግሞ በረዶ ላይ በስኪ መንሸራተት የሚወዱ የውጭ አገር ሰዎችን ተራራ የሚያወጣ መሪ ነው። እኔ በረዶውን እለካለሁ፣ እሱ ይንሸራተትበታል፤ አማቴ እማማ ዳሬጃን ሁለታችንንም ይረግማሉ። በመንደራችን በላምዛሪ ክረምቱ የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 30

ብርድ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዲት ፍሬ አልጣለም።

አራት ፖላንዶች መጥተውልናል። ጢማሙ ራዴክ፣ ሚስቱ ቦዠና (የጥርስ ሐኪም ናት፤ እማማ ገና ሻይ ሳይቀዳላት አፋቸውን ከፍተው አሳዩአት) እና ሁለት ዝምተኛ ጓደኞቻቸው። የመጡት ከመንደሩ በስተ ምዕራብ ያለውን፣ የበሬው ጀርባ የሚባለውን ተራራ ብለው ነው። በስተ ምሥራቅ ያለውን የሙሽራዋን ሜዳ ማን ይፈልገዋል? እሱ የሽማጊ ነው። ሽማጊ የሙሽኒ የአጎት ልጅ ነው፤ እሱም መሪ ነው፤ አፉ ግን ከእግሩ ይቀድማል።

ሙሽኒ ዛሬ የበሬው ጀርባ ሥር ጉድጓድ ቆፍሮ የአሮጌውን በረዶ ጠባይ አየ። ዘግኖ አመጣልኝ። እንደ ስኳር በጣቶቹ መካከል ይፈሳል፣ አይያያዝም።

«ማኮ፣ ሻይሽ ውስጥ ጨምሪው» አለኝ።

ቀልዱን ተረድቻለሁ። በዚህ ስኳር ላይ አዲስ በረዶ ከተጫነ፣ በላዩ ሰው ሲረግጥ እንዳለ ተነሥቶ ይሄዳል።

ከአምና ወዲህ ሙሽኒ ወደዚያ ሲሄድ የመጀመሪያው ነው። የሚቆፍረው ከታች ስለሆነ አልተጨነቅሁም። ሥጋ የታሸገበት ቂጣችን፣ ኩብዳሪው፣ ያረረው ምድጃው ስለሚነድ ነው።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 2

ጀመረ። ትልልቅ፣ ሰነፍ ሰነፍ የሚሉ ፍሬዎች። ፖላንዶቹ እንደ ሕፃን አፋቸውን ከፍተው በረንዳ ላይ ቆመዋል።

ሰኞ

31። መብራት ጠፋ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

58። ከታች ጠመዝማዛው ላይ ናዳ ወርዶ መንገዱ ተዘግቷል። ማንም አልተጎዳም። ዱቄት፣ ድንችና አረቄ አለን። ዘይት ትንሽ ነው። ወሬ ሞልቷል።

ሽማጊ ወገቡ ድረስ በረዶ እየቀዘፈ አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ። ለሙታን፣ ለሕያዋን፣ ለእንግዶች፣ ለመንገድ ጠራጊው መኪና ሳይቀር ጽዋ አነሣ። ከዚያ ሙሽኒን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ አምና በሬው ወግቶሃል። ዘንድሮ ሙሽራ አግባ፣ ወደኔ ተራራ ና!» አለው።

ሙሽኒ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄያለሁ። ብርጭቆው የተሰበረው እጄ ሳሙና ስለነበረው ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 5

79። ራዴክ በየሰዓቱ በረንዳ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ የታሰረ ፈረስ መስሏል።

«መቼ ነው?» አለው ሙሽኒን።

«ዓርብ ይጠራል። የበሬውን ጀርባ በጫፉ በጫፉ እንሞክራለን። እምቢ ካለን እንመለሳለን።»

«እምቢ ማለቱን በምን እናውቃለን?»

«ይነግረናል» አለ ሙሽኒ። እንዲህ ሲል ደስ ይለዋል።

እማማ ለጎረቤታችን ለማዶና ሲያወሩ በግድግዳው ሰማሁ። «ምራቴ በእንቅልፏ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት እያለች አሥራ አራት ስትደርስ ትጮኻለች። እኔም አብሬ እባንናለሁ።»

ሳንቲሜትር ነው የምቆጥረው። አናጢ በሕልሙ ምስማር ይመታ የለ? አሥራ አንድ ዓመት የለካ ሰውም ይለካል። ግን ለማዶና ምን ያስነግራል? እስከ ነገ ጠዋት መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 6

ጠዋት። ሌሊቱን 21 ጨምሯል፤ ልክ መቶ ሞላ። በረዶው ቆሟል፣ ነፋሱ ግን ሊነጋ ሲል ተነሥቶ ከምሥራቅ ይጮኻል። የጭስ ማውጫችን ጭስ ወደ ምዕራብ ተጋድሟል። እንዲህ ያለው ነፋስ ከማዶ ያለውን በረዶ ጠራርጎ፣ ሸንተረሩን አሻግሮ፣ የሙሽራዋ ሜዳ ላይ ይቆልለዋል። የበሬውን ጀርባ ደግሞ ይልሰዋል፣ ያቀልለዋል።

ከእኔ በቀር የተነሣ የለም።

ለጋሽ ጌራሲሜ ደወልኩ። ስልኩ ይንጫጫል። ነገርኳቸው።

ከዚያ ማገዶ ፈለጥኩ። የተፈለጠው ለሁለት ሳምንት ይበቃል፤ ቢሆንም ፈለጥኩ። ሙሽኒ እያዛጋ ሲወጣ ነፋሱ ቆሞ፣ ጉም ወርዶ ሁለቱንም ተራራ ሸፍኖ ነበር። ስኪው ላይ ሰም እየቀባ ያፏጫል። ዜማ አይችልም፣ ምስኪን።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ሙሽኒ የእጅ ስልክ ወደሚይዝበት፣ ከቤታችን ጎን ወዳለው አሮጌ ግንብ አናት ወጥቶ ማስጠንቀቂያውን አነበበ። ሲወርድ ፊቱ ጠቁሯል።

«‹ላምዛሪ፤ ነፋስ ከምዕራብ። የበሬው ጀርባ ከፍተኛ አደጋ፤ ማንም እንዳይወጣ። የሙሽራዋ ሜዳ መጠነኛ፤ በጥንቃቄ።›» ዓይኑን አጥብቦ አየኝ። «ማኮ፣ ከምዕራብ ነበር እንዴ?»

«የለካሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» አለና ስኪውን ወደ ግድግዳው መለሰ። ለራዴክ በምልክትም በአፉም አስረዳው። ራዴክ በፖላንድኛ ረዥም ነገር ተናገረ፤ ጸሎት አልመሰለኝም።

ጋሽ ጌራሲሜ አልሰሙኝም ይሆናል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ ስልኩም ይንጫጫ ነበር። ምሥራቅና ምዕራብ ሁለቱም በ«ም» ነው የሚጀምሩት። ነገ ደውዬ አስተካክላለሁ። ለነገሩ ሽማጊ ከገና ወዲህ አንድ እንግዳ አላገኘም፤ በዚህ ጉም የሙሽራዋ ሜዳ ላይ ማን ይወጣል?

ሙሽኒ ቀኑን ሙሉ ምድጃውን ሲጠግን ዋለ። ቤት ውስጥ ሲንጎዳጎድ መስማት እንዴት ደስ ይላል።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 8

ጉም። ስልኩ ከጠዋት አይሠራም ነበር። ከሰዓት በኋላ ሠርቷል፣ እኔ ግን ሊጥ ላይ ነበርኩ።

ራዴክ ሽማጊ ቤት ሄዶ አመሸ። ምን ሲያደርጉ እንዳመሹ አልጠየቅሁትም። አረቄ ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 9

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። አራቱም አልጋ ባዶ ነው። ስኪዎቹ የሉም። ቦዠና ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታለች፦ ከሽማጊ ጋር ነን፣ ለእራት እንደርሳለን። ሥሩ ልብ ሥላለች።

ጉሙ ተገልጧል። የሙሽራዋ ሜዳ ሸንተረር ላይ ነፋሱ የሠራው የበረዶ ከንፈር ተንጠልጥሏል። ወፍራም ነው።

ሽማጊ ስልክ አያነሣም። ሁለቴ። ሦስቴ።

ሙሽኒ ጋጣ ውስጥ ነው። ልነግረው ነው።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 10

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፤ ካልጻፍኩት እንደገና ማለሳለስ እጀምራለሁ።

ሙሽኒ ለላሞቹ ሣር በመንሽ እየወረወረ ነበር።

«ሙሽኒ፣ ነፋሱ ከምሥራቅ ነበር።»

«የቱ ነፋስ?»

«የሐሙሱ። ለጋሽ ጌራሲሜ ከምዕራብ ነው ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሰምተውኛል። አንተ የበሬው ጀርባ እንዳትወጣ ብዬ ነው የዋሸሁት። ፖላንዶቹ ከሽማጊ ጋር የሙሽራዋ ሜዳ ሄደዋል።»

መንሹን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። ይጮኻል ብዬ ነበር። «በስንት ሰዓት ወጡ?» አለ ብቻ።

ባሌን ከአንድ ተራራ ላስቀር ዋሽቼ በሦስተኛው ቀን በአፌ ወደ ሌላው ላክሁት። በመንገድ ላይ ከኋላው ስከተል የማስበው ይህንኑ ነበር። እሱ በስኪ፣ እኔ በበረዶ መርገጫ ጫማ። «አንቺ ተመለሺ» አላለኝም።

የበርች ዛፎቹ ጋ ስንደርስ አየናቸው። አምስት ጥቁር ነጥቦች፤ ሽማጊ ከፊት፣ ሌሎቹ ተራርቀው ከኋላ። ሙሽኒ እጁን አፉ ላይ አድርጎ፣ «ሽማጊ! ተመለስ! በረዶ የተጫነው ያንተ ተራራ ነው!» ብሎ ጮኸ። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው። ቦዠና ቆመች። ራዴክ ዘወር አለ። አራቱም ወደ ዛፎቹ ጫፍ ሸሹ። ሽማጊ ግን መሐል ሜዳው ላይ ደርሶ ነበር። ዱላውን ወደኛ አነሣ፤ ሰላምታ ይሁን ስድብ አላውቅም።

«ዉፍ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በእግሬ ነው የሰማሁት። ከበላዩ ቀጭን መስመር ተሠመረች፤ እንደ እርሳስ ጭረት። ከዚያ ሜዳው ሁሉ ተሰነጣጥቆ መሄድ ጀመረ። ሽማጊ መጀመሪያ እስከ ጉልበቱ፣ ከዚያ እስከ ደረቱ ታየ፤ ከዚያ አልታየም።

ሰዓቴን አየሁ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት።

ሙሽኒ ወደ ላይ፣ ወዳልወረደው በረዶ አንዴ ተመለከተ። እኔን አላየኝም። ገባ።

ሁሉም ደረታቸው ላይ የሚያስሩት የመፈለጊያ መሣሪያ አለ፤ የተቀበረው ይልካል፣ የሚፈልገው ይሰማል። ጥሪው ሲፋጠን ቀርበዋል ማለት ነው። ራዴክና ሙሽኒ ተንበርክከው እንደ ውሻ እያነፈነፉ ሄዱ። እኔም ደረስኩባቸው። ረዥሙን ዘንግ ሰኩ፤ አንዴ ባዶ፣ ሁለቴ ባዶ፣ ሦስተኛው ለስላሳ ነገር ነካ። ስድስታችንም ቆፈርን። የወረደ በረዶ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ አካፋው ይጮኻል። እየቆፈርኩ እቆጥር ነበር። ጮክ ብዬ። ቦዠና በኋላ ነው የነገረችኝ።

አሥራ አንድ ደቂቃ። ፊቱ ሰማያዊ ነበር። ቦዠና በጣቷ ከአፉ በረዶ አወጣች፤ አፏን አፉ ላይ አድርጋ ተነፈሰችለት። በስምንተኛው ትንፋሽ አሳለው። ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ ያያት እሷን ነው። «ጥርሴን አትንኪ» አላት።

ራዴክ እየሳቀ አለቀሰ። የሽማጊ ቀኝ እግር ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

አምና ሙሽኒ በበሬው ጀርባ ናዳ ሥር አሥራ አራት ደቂቃ ተቀብሮ ነበር። ለካ እስከ ዛሬ እዚህ አልጻፍኩትም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

ትናንት ሄሊኮፕተር መጥቶ ሽማጊን ከፖላንዶቹ ጋር ወደ ቆላው ከተማ ወሰደው። ሲጭኑት ለመንደሩ ሁሉ እንደ ጳጳስ እጁን ያወዛውዛል።

ለጋሽ ጌራሲሜ ደውዬ እውነቱን ነገርኳቸው። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ።

«አለሁ» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ያንቺን ቁጥር ሳልጠራጠር ጽፌያለሁ። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ይለካ።»

ስለ ላሟ ሲቆጡኝ እንዲህ አላመመኝም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 15

አዲሷ ለኪ እማማ ዳሬጃን ናቸው! ሙሽኒ መንገድ ከሚጠርጉት ጋር ስለሚውል፣ ማዶናም «ተራራ እንዲከሰኝ አልፈልግም» ስላለች።

ጠዋት ስልኩ ላይ ሲጮኹ ሰማሁ። «እስከ ጉልበቴ ነው! … የማን ይሆናል? የራሴ ነዋ፣ ያንተ ጉልበትማ እዚህ የለም!»

የእንጨቱን ቁጥር ያለ መነጽር አያዩም፤ መነጽራቸው ደግሞ ከፋሲካ ጀምሮ ጠፍቷል። ስለዚህ እኔው አነብላቸዋለሁ። ግን ከዚያ በፊት ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ፊት ይወስዱኛል።

«ስንት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«ማይ!»

«በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ዘጠኝ።»

«ነፋሱስ?»

«በቅዱስ ጊዮርጊስ፣ የለም።»

እዚህ አገር በሥዕሉ ፊት በሐሰት የማለ ሰው ዘሩ ይነቀላል ይባላል። እማማ ይህን የሚያደርጉት ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ስንወጣ ግን ክንዴን ይዘው፣ «እኔ የሙሽኒን አባት ዓይኔ እያየ ሰድጄዋለሁ፤ ተራራውም አልመለሰልኝም። መዋሸት ትዝ ቢለኝ ኖሮ እኔም እዋሽ ነበር» አሉኝ። ቀጥለው፣ «ሽማጊ ግን የወንድሜ ልጅ ነው» አሉ። ሁለቱንም ነው ያሉት። ሁለቱንም ይዤ ዋልኩ።

ሙሽኒ የሚያድረው እንግዶቹ በለቀቁት ክፍል ነው። «ጨው አቀብዪኝ» ካለኝ ሦስት ቀን ሆነው።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 20

ተናገረ። ድንች እየላጥኩ ነበር።

«ፈርቻለሁ ብትዪኝ እኮ እቀር ነበር።»

«አትቀርም ነበር።»

አሰበ። ሙሽኒ ሲያስብ ጢሙን ይነጫል። «እውነት ነው፣ አልቀርም ነበር። ግን የምሄደው አንቺ ነግረሽኝ፣ እኔም አውቄ በሆነ ነበር። አሁን ግን አንቺ ብቻሽን ወሰንሽ፤ እኔም ሽማጊም በጨለማ ሄድን።»

ድንቹን በጣም ቀጭን አድርጌ ላጥኩት።

«በእንቅልፍሽ ትቆጥሪያለሽ» አለ በኋላ።

«አውቃለሁ።»

«ሳንቲሜትር አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

ማታ ትራሱን ይዞ ተመለሰ። ወገቡ ስላመመው ነው አለኝ፤ የእንግዶቹ ፍራሽ ለወገብ አይሆንም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

መንገዱ ተከፍቶ ሽማጊን ለመጠየቅ ሆስፒታል ወረድኩ። እግሩ በገመድ ተሰቅሏል። የክፍሉን በሽተኞች ሁሉ ወዳጅ አድርጓል፤ ነርሷን «የእኔ ናዳ» ነው የሚላት። እማማ የላኩትን አይብ አስቀመጥኩና ሳልቀመጥ ሁሉንም ነገርኩት።

ሳቁ ከፊቱ ሄደ።

«ሙሽኒ ነግሮኛል» አለ።

«ታዲያ ለምን—»

«ካፍሽ ልስማው ብዬ። ስሚ ማቅቫላ፣ ያንን የበረዶ ከንፈር እኔም አይቼዋለሁ። ጉሙ ሲገለጥ፣ ፊት ለፊቴ። ዓይን የለኝም? ሃያ ዓመት ያንን ሜዳ አውቀዋለሁ። ‹ማስጠንቀቂያው መጠነኛ ብሏል› ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ እንግዶቹን ከሙሽኒ ስለነጠቅሁ ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ጥፋቴን አንቺ አትውሰጃት። የኔ ናት።»

አለቀስኩ። የክፍሉ ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ይህን ስላልኩሽ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አይደለም» አለ። «እግሬ ሲድን እንነጋገራለን። ላይታጠፍ ይችላል ብለውኛል። አይቡን አቀብዪኝ።»

አቀበልኩት።

ሰኞ፣ ማርች 3

ጾም ገባ። ጋሽ ጌራሲሜ ደወሉ። «እናትዬዋ በጉልበታቸው መለካቱን አልተዉም» አሉ። «አንቺው ተመለሺ። ግን ለስድስት ወር ቁጥርሽን ከጎረቤት መንደር ቁጥር ጋር እያመሳከርኩ ነው የምጽፈው። ቅር ይልሻል?»

«አይለኝም።»

ዋሽቻለሁ፣ ትንሽ ብሎኛል። ግን ልክ ናቸው።

እሑድ፣ ማርች 9

አንድ ሰዓት። አዲስ 4። ነፋስ የለም። ሰማዩ ንጹሕ ነው። ደወልኩ።

ሙሽኒ ትናንት የበሬው ጀርባ ላይ ሦስት ጉድጓድ ቆፍሯል። አሮጌው በረዶ ተያይዟል፤ ስኳሩ የለም። ዛሬ ሊወጣ ነው። እንግዳ የለም፤ ጎረቤታችን ቫሌሪ ብቻ አብሮት አለ። በር ላይ ጫማውን እያጠበቀ፣ «ስንት ነው?» አለኝ።

ሠላሳ ብዬ ብነግረው ይቀር ነበር። እንጨቱን ሄዶ አያይም፤ እንደማያይ አውቃለሁ።

«አራት» አልኩት። «ነፋስ የለም።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እፈራለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔም» አለ። ከዚያ ሄደ።

ሦስት ሰዓት። ሁለት ነጥቦች ይታዩኛል። ከታች ናቸው።

አራት ሰዓት ተኩል። እማማ መስኮቱ ጋ ቆመው የማያዩትን ተራራ ያያሉ። «የት ደረሱ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ።

ስድስት ሰዓት። ከሸንተረሩ ጀርባ ገቡ። አይታዩም። እማማ መቁጠሪያቸውን ሰጡኝ፤ እንድጸልይ ነው ወይስ እንድቆጥር አላወቅሁም።

ሰባት ሰዓት ከሩብ። ምንም የለም።

ስምንት ሰዓት። መጡ። ሁለት መስመር በበሬው ጀርባ ላይ ከላይ እስከ ታች፣ እንደ ተገመደ ፈትል እየተጠላለፉ። ሙሽኒ በስኪው እየተንሸራተተ እስከ በሩ ድረስ መጣ፣ ፊቱ በፀሐይ ቀልቷል። ዘልዬ አልተጠመጠምኩበትም፤ እማማ ቀደሙኝ፣ ጆሮውን ይዘው ጎተቱት።

«ራበኝ» አለ።

«የባቄላ ሾርባ ነው።»

«ሌላ የለም?»

«ጾም ነው።»

እያጉረመረመ ሦስት ሳሕን በላ።